ሙሽራው ቡታጋዝ

ያገለገለ ዕቃ መግዛት ነውር አይደለም! ጎጆ የወጣን ሰሞን ለአዲስ ቡታጋዝ ገንዘብ ቢያጥረን ከምናለሽ ተራ አንዱን ይዤ ገባሁ። ባለቤቴ ዝገቱን አይታ «እናቴ ስትመጣ በምን ልሸፍነው?» አለች። አንጀቴን በላችው።

ሲሊንደሩን ለይቼ ቅባቱን በሳሙና፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አስለቀቅኩ። ተራ ቀለም እሳት ሲነካው ስለሚላጥ፣ 600 ዲግሪ የሚችል ጥቁር ስፕሬይ በስሱ ሁለት ጊዜ ረጨሁ፤ ከውጭ ብቻ ነው ታዲያ! ማቃጠያው አይቀባም።

ሲደርቅ ገጣጥሜ፣ ክብሪት ሳልጭር ጎማውን በሳሙና አረፋ ቀባሁት። አንድ ቦታ ቡልቅ ቡልቅ አለ፤ ጋዝ ያፈስሳል ማለት ነው! ጎማውን ለውጬ፣ ዳግም ፈትሼ፣ በረንዳ ላይ ሽታው እስኪጠፋ አነደድኩት።

እናንተዬ፣ ቀለሙ ለእንግዳ ዓይን ነው፤ አረፋው ግን ለነፍሳችሁ።