ሪጎሬ፣ ቫር እና የወንድማችን ፊሽካ



ባለፈው ሴሚስተር በተደረገው የዲፓርትመንቶች የእግር ኳስ ውድድር እኛ ሜካኒካሎች በአንድ ሪጎሬ ተሸንፈን ወጣን። ዳኛው የዶርማችን ልጅ፣ ዒሻን አጠገባችን የሚሰግድ ወንድማችን ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ተከላካያችን እግሩን ዘረጋ፣ አጥቂው ወደቀ፣ ፊሽካ ተነፋ። እኛም ጮኸን ጮኸን፣ ሲደክመን ዝም አልን። ነገሩ እዚያው ቢያበቃ መልካም ነበር።

ማታ ግን ከመካከላችን አንዱ በስልኩ የቀረጸውን ይዞ መጣ። ቪዲዮውን አዘግይተን፣ አጉልተን፣ ሃያ ጊዜ ያህል አየነው። ባየነው ቁጥር ወንድማችን ይበልጥ ጥፋተኛ እየመሰለን ሄደ። በቴሌግራም ግሩፓችን ለጠፍነው፤ ከሥሩ የጻፍነውን እዚህ መድገም ያሳፍረናል። በማግስቱ ሱብሒ ላይ ወንድማችን ሌላ ሰፍ ውስጥ ቆመ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ካፌ ከእኛ ጋር አልተቀመጠም።

ስለ ቫር አሠራር ማንበብ የጀመርነው ያኔ ነው። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ያነበብነው እሱ መሳሳቱን ለማረጋገጥ ነበር።

ቫር በጨዋታው ሕግ ውስጥ የገባው በ2018 እ.ኤ.አ. ሲሆን በዚያው ዓመት የሩሲያው የዓለም ዋንጫ ላይ ሥራ ላይ ውሏል። ሲጀመር ጣልቃ ይገባ የነበረው በአራት ነገሮች ብቻ ነበር፦ ጎል፣ ሪጎሬ፣ ቀጥታ ቀይ ካርድ፣ እንዲሁም ካርድ ለተሳሳተ ተጫዋች ሲሰጥ። ሪጎሬ ሊያሰጥ የሚችል ነገር ሁሉ በቪዲዮ ክፍሉ ውስጥ በዝምታ ይታያል። ማየት ግን ጣልቃ መግባት ማለት አይደለም። ጣልቃ ለመግባት ዳኛው ግልጽና የማያሻማ ስህተት መሥራት አለበት፤ ወይም ከባድ ጥፋት ሳያየው ማለፍ አለበት። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ የሚጠየቀው «ሪጎሬ ነው ወይስ አይደለም?» ሳይሆን «ዳኛው በግልጽ ተሳስቷል ወይ?» የሚል ነው። ዲኤስቲቪ ቤት የምንጨቃጨቀው አብዛኛውን ጊዜ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ስለምናደባልቅ ነው።

መግባት ባለበት ጊዜ የገባበትን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የካቲት 2 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ያውንዴ ላይ ቡርኪና ፋሶና ሴኔጋል የአፍሪካ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ሲጫወቱ ዳኛው የሀገራችን ልጅ ባምላክ ተሰማ ነበር። በመጀመሪያው አጋማሽ ለሴኔጋል ሁለት ሪጎሬ ሰጠ። አንዱ በረኛውና አጥቂው ሲጋጩ፣ ሌላው ኳስ እጅ ነክቷል ተብሎ ነው። ከቫር በኋላ ሁለቱም ተሻሩ። በሕጉ መሠረት የመጨረሻው ቃል ምንጊዜም የሜዳው ዳኛ ነውና የሻራቸውም ራሱ ነው። በአንድ አጋማሽ ሁለት ጊዜ በሕዝብ ፊት ከፊሽካ መመለስ ቀላል አይደለም። እኛ ግን ይህን እንደ ውርደት አናየውም።

አስቸጋሪው ሌላው ዓይነት ነው። ሐምሌ 7 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ዌምብሌ ላይ በአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ እንግሊዝና ዴንማርክ 1 ለ 1 ሆነው በጭማሪው ሰዓት ስተርሊንግ ወደቀ። ዳኛው ዳኒ ማኬሊ ሪጎሬ ሰጠ፣ ቫርም አልነካውም። ሽማይክል የኬንን ምት ቢያድንም ኬን የተመለሰችውን ኳስ አስቆጠረ፤ ዴንማርክም ተሰናበተች። ንክኪው ለሪጎሬ አይበቃም የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እኛም ከእነሱ ነን። ሆኖም «አይበቃም ይመስለኛል» እና «በግልጽ ተሳስቷል» አንድ አይደሉም።

ከእኛ አንዱ ይህን አይቀበልም። «ስህተት ስህተት ነው። ሰው በአንዲት ሪጎሬ ፍጻሜ እያጣ ትንሽ ነው ትልቅ ነው ብሎ መለካት ምን ያደርጋል?» ይላል። ንግግሩ ከባድ ነው፤ ዴንማርኮችን ማን ይክሳቸዋል? ግን በእያንዳንዱ ጥርጣሬ ክፍሉ እንደገና የሚፈርድ ከሆነ ጥርጣሬው አይጠፋም። አጠገቡ ቆሞ ካየው ሰው ተነሥቶ ስክሪን ፊት ወደተቀመጠው ሰው ይዛወራል እንጂ።

ልጅ ሳለን መድረሳ ውስጥ ኡስታዛችን ስለ ውዱእ ያስተማሩን ትዝ ይለናል። ውዱእ እንዳለህ እርግጠኛ ሆነህ ከዚያ «ፈታሁ ይሆን?» የሚል ሸክ ቢመጣብህ ውዱእህ አለ፤ የቂን በሸክ አይነሣም ይሉን ነበር። የዳኛ ፊሽካ እንደዚያ የቂን ነው አላልንም፤ ዳኛ ይሳሳታል። ግን የቆመን ነገር ለማፍረስ ጥርጣሬ እንደማይበቃ የተማርነው ከኳስ በፊት ነው።

ሌላው ያስደነገጠን የማዘግየቱ ነገር ነው። በቫር አሠራር መሠረት የዘገየ ምስል የሚጠቅመው ለቦታ ነክ ጉዳይ ነው፦ ንክኪው የት ነበር፣ ከክልሉ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ፣ ኳሱ የነካው እጅ ነው ወይስ ደረት። የንክኪውን ኃይል ለመመዘንና እጅ መንካቱ ጥፋት መሆኑን ለመወሰን ግን በመደበኛው ፍጥነት መታየት አለበት። ላብራቶሪ ውስጥ ርዝመት በሚለካ መሣሪያ ኃይል እንደማንለካ እናውቃለን። የዘገየ ምስል ትንሹን ንክኪ ረጅም ጉተታ ያስመስለዋል። እኛ ደግሞ ያንን ሃያ ጊዜ አይተን ነው በሰው ላይ የፈረድነው።

ቪዲዮውን እንደገና ከፍተን በመደበኛ ፍጥነት አየነው። ከአንድ ሰከንድ ብዙም አይበልጥም። ሦስታችን ሪጎሬ ነው አልን፣ ሁለታችን አይደለም አልን። ወንድማችን ተሳስቶ ይሆናል። ከሥሩ ለጻፍነው ግን ምንም ማስረጃ አልነበረንም።

ለጥፈን የነበረውን አጠፋን። ይቅርታውን የጻፍነው በዚያው በሰደብንበት ግሩፕ ነው፤ ከዚያም አልጋው ድረስ ሄድን። «እኔም እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ያየሁትን ነው የነፋሁት» አለን። ከዚህ በላይ አልተናገረም፣ እኛም አልጠየቅነውም።

ለዘንድሮው ውድድር ለአዘጋጆቹ አንድ ሐሳብ አቅርበናል፦ በስልክ የተቀረጸ ነገር ግሩፕ ላይ ከመለጠፉ በፊት በመደበኛ ፍጥነት ለዳኛው ይታይ። የመጀመሪያ ጨዋታችንንም ወንድማችን እንዲዳኝልን ጠይቀነዋል። እስካሁን «አስብበታለሁ» ብሎናል። ትናንት ግን ካፌ ውስጥ ሳህኑን ይዞ ወደ ጠረጴዛችን መጣ፣ አልሐምዱሊላህ።