ከጉና ማዶ የክትባት ሳጥን ያነገቱ እህቶች

ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው ጉናን በስተቀኙ እያየ ነፋስ መውጫ ይደርሳል። የላይ ጋይንቷ ከተማ ስሟን ያገኘችው በከንቱ አይደለም፤ ጋቢ ያልያዘ እንግዳ ከመኪና እንደወረደ ይገባዋል። በስተደቡብ ታች ጋይንት አለ፤ ከዚያ ወዲያ ስማዳ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል። እስቴ ደግሞ ከጉና በስተደቡብ ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ጋቢ የደረበም፣ ላብ ያጠመቀውም ያው አንድ መንገደኛ ሊሆን ይችላል።

ጋይንት ሲነሳ ሰው ሁሉ የቤተልሔምን የድጓ ትምህርት ያነሳል። ተገቢ ነው። እኔ ግን ለዘመናት በየደጁ ለመጣ የቆሎ ተማሪ ቁራሽ የሰጡትን እናቶች አስባለሁ። የመምህራኑ ስም ተጽፏል፤ የእነሱን ማን ጻፈው?

ጡረታ የወጣሁ ነርስ ስለሆንኩ በመንገድ ዓይኔ የሚፈልገው ጤና ኬላ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር አሥረኛ ክፍል የጨረሱ የገጠር ልጃገረዶች አንድ ዓመት እየሠለጠኑ ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። ለሁለቱ የሚደርሳቸው ሕዝብ አምስት ሺህ ገደማ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ሲደርስ የጤና ተቋማትም ተዘርፈዋል። ከዚያ በኋላ የጎደለውን ይዞ ሥራ መቀጠል ምን እንደሚጠይቅ የሙያው ሰው ያውቀዋል።

ስማዳ ውስጥ ከአንዷ ጋር ግማሽ ቀን በእግር ሄድኩ። የክትባት ሳጥኑን በትከሻዋ አንግታለች፤ በበረዶ ተከቦ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት። እኔ ባዶ እጄን እያለከለክሁ እሷ ወሬዋን አላቋረጠችም።

የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ ለአሥር ልጅ ነው። ከተበጠበጠ በኋላ ከስድስት ሰዓት በላይ አይቆይም፤ የተረፈው ይደፋል። በዚያ ቀን ከዛፉ ሥር የተገኙት አራት ልጆች ብቻ ነበሩ። አጨዳ ነዋ! ልጅቷ ብልቃጡን ከፈተች፣ አራቱን ከተበች፣ ከዚያ የቀሩትን ፍለጋ ማሳ ለማሳ ሄደች። አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን አዝለው እየሮጡ መጡ።

«እናቱ አጨዳ ላይ ናት፤ እኔ አመጣሁት። ኑሪልኝ ልጄ» አሏት።

«በቀኑ ይዘውልኝ ከመጡ ሌላ ምን እፈልጋለሁ፣ እማማ!» አለች።

ይህን የምጽፈው ለእኛ ለአያቶች ነው። የክትባት ካርዱን ቀን ማስታወስ ከእኛ እጅ አይጠፋም። አዲስ አበባም ቢሆን ያው ነው፤ ካርዱ ላይ የተጻፈውን ቀን ያለፈ ሕፃን የሚያስጨንቀው በመጀመሪያ እሷን ነው።

እስቴ ስደርስ የሰማሁት ደግሞ ስለ ቃሬዛ ነው። መኪና በማይገባበት ቀበሌ ምጥ የጠናባት እናት አምቡላንስ እስከሚቆምበት ድረስ በሰው ትከሻ ትወጣለች። ጎረቤት ሞፈሩን ጥሎ ይመጣል፣ አራቱ ሲደክማቸው ሌሎች አራት ይቀበላሉ። አንድ ሽማግሌ ቃሬዛውን ከግድግዳ አውርደው ጠፍሩን አሳዩኝ፤ በቅርቡ የታደሰ ነው። የመጨረሻዋን እናት እነማን እንደተሸከሟት ስጠይቃቸው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ፣ ጣት አለቀባቸው።

ሕፃኑ ክርስትና ሲነሳ ተሸካሚዎቹ ከቄሶቹ ቀጥለው እንዲቀመጡ ተደረገ። የጤና ኤክስቴንሽኗም ተጠርታ ነበር፤ የክትባት ቀን ሆነባትና ቀረች። እናትየው ድርሻዋን በሞሰብ አስቀምጣ በማግስቱ አራስ ልጇን አዝላ ጤና ኬላው ድረስ ወሰደችላት።