በክረምት ወደ ዘንገና ለሚሄድ ሰው የሚሆን የዝናብ ልብስ

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ መንገድ እንጅባራን አልፈው ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደ ተጓዙ፥ ከመንገዱ ሁለት መቶ ሜትር ያኽል ገባ ብሎ፥ ዙሪያውን በዛፍ የታጠረ ክብ ሐይቅ ይገኛል፤ ስሙም ዘንገና ይባላል። በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተወው ጉድጓድ የተኛ ውሃ ስለ ሆነ፥ ወርዱ አንድ ኪሎ ሜትር ያኽል ሲሆን ጥልቀቱ ግን ከ160 ሜትር ይበልጣል።

ብዙ እንግዳ ይኸን አገር የሚያየው በጥር ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር ሰማዩ ጠርቶ፥ አቧራው ከፈረሱ ኮቴ ሥር ይነሣል፤ እንግዳውም አገሩን ደረቅ አድርጎ እያሰበ ይመለሳል። ነገር ግን በዳንግላ በዓመት 1,600 ሚሊ ሜትር ያኽል ዝናብ ይጥላል፤ አብዛኛውም የሚወርደው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው።

እኔና የእኅቴ ልጅ ይኸን የተማርነው ባለፈው ዓመት በሐምሌ ነው። ልጁ ብስክሌት መንዳት እጅግ ስለሚወድ፥ እኔም በዕድሜዬ ሳላፍር፥ ከዳንግላ ተነሥተን እስከ ዘንገና ለመንዳት ተስማማን። መንገዱ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ወደ ላይም አራት መቶ ሜትር ያኽል ይወጣል። ለዚሁ ጉዞ ከአንድ ሱቅ ሁለት ተመሳሳይ ጃኬቶች ገዝቼ ነበር። ባለ ሱቁ ውሃ አያስገባም ብሎ ምሎልኛል፤ መሐላውም እውነት ነበር። ልጁ ከሥሩ የጥጥ ሸሚዝ፥ እኔ ደግሞ ያረጀ የሱፍ ሹራብ ለብሰን ነበር።

ዳገቱን ስንወጣ ዝናቡ ከላይ እየጣለ፥ ላባችን ከውስጥ መውጫ አጥቶ፥ ጃኬቱ እንደ አክንባሎ ያንጠባጥብ ጀመር። ከሐይቁ ዳር ደርሰን ባረፍን ጊዜ ነፋሱ መታን። እኔ ብርድ ብርድ አለኝ፤ ልጁ ግን ይንቀጠቀጥ፥ ከንፈሩ ይጠቁር፥ ጣቱም የብስክሌቱን ፍሬን መጨበጥ ይሳነው ጀመር፤ ንግግሩም ተንተባተበ።

ከብት የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ይኸን አይተው ወደ ጎጇቸው ወሰዱን። ከሣር የተሠራ ገሣ ደርበው ነበር፤ ሲያወልቁት ሸማቸው ደረቅ ነው። የልጁን እርጥብ ልብስ አስወልቀው በጋቢ ጠቀለሉት።

«ልጄ፥ ይኸ ልብስህ ላብህን አሠረብህ እንጂ ምን ጠቀመህ?» አሉት።

በዚያ የነበረ ጎረቤት አረቄ ይቅመስ ቢል እኔ እንቢ አልኩ። አረቄ ለጊዜው የሞቀ ያስመስላል እንጂ ደሙን ወደ ቆዳ ስቦ የሰውነትን ሙቀት ያባክናል። ስኳር ያለበት ትኩስ ሻይ ሰጠነው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላም ተመለሰልን። ወላጆች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ፤ በብርድ የተጎዳ ልጅ ሳይሞቅ መንቀጥቀጡን ቢተውና ቢፈዝ፥ ዳነ ተብሎ የሚተው ሳይሆን ወደ ሐኪም የሚሮጥበት ነው።

ገሣውን አገላብጬ አየሁት። ውሃው እንደ ቤት ክዳን በሣሩ ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል፤ ከታችና ከፊት ግን ክፍት ስለ ሆነ የሰውነት እንፋሎት ይወጣበታል። በስኮትላንድ አገር ቻርልስ ማኪንቶሽ በ1823 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሁለት ጨርቅ መካከል ጎማ አድርጎ የዝናብ ልብስ ሲሠራ፥ ለባሾቹ ያማረሩት ይኸው የላብ ነገር ነበር። በ1969 ሮበርት ጎር የተባለው አሜሪካዊ፥ ቴፍሎን የሚባለውን ነገር ወጥሮ፥ ጠብታ የማያሳልፍ እንፋሎት ግን የሚያሳልፍ እጅግ ረቂቅ ቀዳዳ ያለው ስስ ሽፋን አገኘ፤ ጎር ቴክስ የሚባለው ይህ ነው።

በዚህ ዓይነት ልብስ ላይ ሁለት ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። 10,000 ሚሊ ሜትር ቢል፥ ጨርቁ የ10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ቢጫነው አያስገባም ማለት ነው። ሁለተኛው፥ አንድ ካሬ ሜትር ጨርቅ በ24 ሰዓት ስንት ግራም እንፋሎት እንደሚያሳልፍ ይናገራል። እኔ ግን በዚህ በሁለተኛው ቁጥር ብዙ አልታለልም። እንደ ዘንገና ጭጋግ አየሩ ራሱ በእርጥበት በሞላበት ጊዜ እንፋሎቱ ወደ ውጭ ለመውጣት ይዘገያልና፥ ከቁጥሩ ይልቅ በብብት ሥር የሚከፈት ዚፕ ይሻላል፤ ይኸም የገሣው ብልኀት ነው።

ስፌቱ ከውስጥ በኩል በፕላስተር የታሸገ መሆኑን ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል፤ ውሃ በመርፌ ቀዳዳ ይገባልና። ለብስክሌት የሚሆነው ጀርባው ረዘም ያለ፥ ቆቡም ከራስ መከላከያው ጋር የሚስማማ ነው። በሱቅ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሞ መለካት ያሳስታል፤ መሪ እንደ ያዙ እጅን ዘርግቶና ጎንበስ ብሎ መሞከር ነው። ቀለሙም በጭጋግ ለከባድ መኪና ነጂ የሚታይ ደማቅ ይሁን። ውሃው ከላዩ መንከባለሉን ትቶ ጨርቁን ማራስ ሲጀምር፥ ለዚሁ በተሠራ ሳሙና አጥቦ፥ ውሃ የሚገፋውን ቅባት ማደስ ይገባል፤ እሳት ዳር መስቀል ግን የስፌቱን ፕላስተር ያላቅቃል። ከሥሩ ጥጥ አይለበስ። ሱፍ ቢርስም ሙቀት አያሳጣምና፥ አባቶቻችን በርኖስን ከበግ ጠጉር ማሠራታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ዘንድሮ ደግሞ ወደዚያው ተመለስን። ልጁ ዝናቡ እስኪጀምር ዳገቱን በስስ የሱፍ ሹራብ ብቻ ወጣ፤ አዲሱንና አንድ ደረቅ ሸሚዝ በላስቲክ ጠቅልሎ በጀርባው ይዞ ነበር። ሽማግሌውም ጨርቁን በጣታቸው እየዳሰሱ ዋጋውን ጠየቁኝ፤ በነገርኳቸውም ጊዜ ስንት በግ እንደሚሆን ይቆጥሩ ጀመር።