ሸክላ ፍለጋ ጆሃንስበርግ

ጄፔ ላይ ከሰው በፊት የሚቀበላችሁ የቡና ሽታ ነው። የእኛ ሰው ዛሬም በድሮ ስሙ ጄፔ በሚለው የጆሃንስበርግ ጎዳና፣ ብርድ ልብስ፣ ጫማና መጋረጃ እስከ ጣሪያ በታጨቀባቸው ሱቆች መሀል፣ ዕጣንና የሚቆላ ቡና ተቀላቅለው ሲመጡብኝ መርካቶ የገባሁ መሰለኝ። እንጀራ በልቼ፣ ሦስተኛውን ስኒ ጠጥቼ ወደ ጉዳዬ ሄድኩ።

ጉዳዬ ሸክላ ነው። ቢተርስ የተባለው የሶዌቶ ባንድ በ1975 ያወጣውን «ሃራሪ» (ዓመታቱን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ለዓመታት በስልኬ ሰምቼዋለሁ። አሮጌ ሸክላ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ የያኔውን ቅጂ በእጄ ያዝኩት። 2,000 ራንድ አለኝ። ደነገጥኩ። እንደገና የታተመው 500 ራንድ ነበር፤ እሱን ገዛሁ።

ሸክላውን ያኔ ያሳተመው አስ-ሻምስ ነው፤ የአብዱላህ ኢብራሂምን «ማነንበርግ» ያወጣው የራሺድ ቫሊ ድርጅት። ቫሊ እዚሁ መሀል ከተማ ኮሂኑር የሚባል ሸክላ ቤት ነበረው። ይህን ስሰማ ልቤ አዲስ አበባ ደረሰ። የእኛው አምሃ እሸቴም ሸክላ ሻጭ ነበር፤ በ1969 የመንግሥትን ሸክላ የማሳተም ብቸኛ መብት ደፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ያሳተመ ወጣት። ሁለቱም ከመደርደሪያቸው ጀርባ ቆመው ሰዉ የሚወደውን በጆሮአቸው ያውቁ ነበር። ልዩነቱ፣ አምሃ ሸክላውን ለማሳተም ባሕር ማሻገር ነበረበት፤ እዚህ ግን ማተሚያው በአገሩ ነበር። ቀናሁ፤ አልደብቅም።

በማግስቱ ሶዌቶ፣ ኦርላንዶ ዌስት ሄድኩ። ቪላካዚ ጎዳና ላይ ማንዴላም ዴዝሞንድ ቱቱም ቤት ነበራቸው። ሁለት የኖቤል ተሸላሚ፣ አንድ መንገድ! የሥጋ ጥብስ ጭስ ዓይን ያቃጥላል፤ ውስጡ ተቦርቡሮ ድንች ጥብስ፣ ቋሊማና የሚያቃጥል አቻር የተሞላበትን ኮታ የሚሉትን ዳቦ በ40 ራንድ ገዝቼ ቆሜ በላሁ። ሴልቢ ንቱሊ፣ አሌክ ካኦሊና ሲፎ ማቡሴ በ1960ዎቹ መጨረሻ ቢተርስን የመሠረቱት እዚሁ ሰፈር፣ የኦርላንዶ ዌስት ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳሉ ነው። ጥቁር ሰው ያለ ይለፍ ወረቀት ከተማ መሀል ከተገኘ በሚታሰርበት ዘመን፣ እነዚህ ልጆች የአሜሪካን ሶል ይጫወቱ ነበር። ሸክላው በወጣ በዓመቱ፣ በሰኔ 1976፣ እነዚሁ መንገዶች በተማሪዎች ደም ራሱ።

የሸክላው ምንጭ ግን ሶዌቶም አይደለም። በ1974 ልጆቹ ወደ ሮዴዢያ ተጓዙ፤ የነጻነት ጦርነቱ የሚጋምባት፣ የዛሬዋ ዚምባብዌ። ሳልስበሪ ከተማ ውስጥ ሃራሪ የሚባል የጥቁሮች ሰፈር ነበር፤ ዛሬ ምባሬ ይሉታል፣ ከእኛ ሐረሪዎች ጋር ዝምድና የለውም። እዚያ ያዩት ሕዝብና የሰሙት ዜማ ለወጣቸው። ሲመለሱ ዳሺኪ ለብሰው፣ ጸጉራቸውን አጎፍረው፣ አፍሪካዊነታቸውን በድምፃቸው ይዘው መጡ። መጀመሪያ ሸክላውን፣ ከዚያ ራሱን ባንዱን ሃራሪ አሉት። አሁን ሳዳምጠው ያ መንገድ ይሰማኛል፤ ቤዙ ዝግ ብሎ ይራመዳል፣ ድምፆቹ ተደራርበው ይከተሉታል። እንባዬ መጣ።

ንቱሊ በ1978 ሞተ። ባንዱ በ1980 ኮሎሲየም በተባለው ትልቅ የጆሃንስበርግ ቲያትር ዋናው ተጫዋች ሆኖ ሲቀርብ እሱ አልነበረም። ይህ አሁንም ያንገበግበኛል።

ስመለስ የታክሲው ሹፌር የማቡሴን ታሪክ ነገረኝ። ለሙዚቃ ሲል ትምህርቱን የተወው ከበሮ መቺ በ2012፣ በ60 ዓመቱ፣ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናውን ወስዶ አለፈ። ሹፌሩ መሪውን በመዳፉ እየመታ ሳቀ፤ እኔም በደስታ አብሬው ሳቅሁ። «የእናንተስ ዘፋኞች?» አለኝ። ከዓለማየሁ እሸቴ ጀመርኩለት፤ ሆቴሌ በር ስንደርስ ገና ማሕሙድ አሕመድ ላይ ነበርኩ።