የጭራቅ ልጅ

ልጆቼ ሆይ! ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ያወጡት «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የሚባል የምናብ ጨዋታ አለ። ተጫዋቹ በንግግር ጀግና ሆኖ ከጭራቅ ጋር ይዋጋል።

ባለፈው ክረምት የልጅ ልጄ ከጓደኞቹ ጋር አጫወተኝ፤ እኔም ለእምነቱ የማለ ጦረኛ ሆንሁ። ኦርክ የተባሉትን ጭራቆች ድል ነሥተን ወደ ዋሻው ብንገባ ሕፃናቶቻቸውን አገኘን። ልጆቹም «አባባ፣ መጽሐፉ ክፉዎች ናቸው ይላል፤ እምነትዎም ይግደሉ ይላል» አሉኝ።

ዝም አልሁ። በመምህርነቴ ዘመን ገንዘብ ቢጠፋብኝ፣ አባቱ ሌባ ነው ሲሉ ሰምቼ ሳልመረምር የገረፍሁት ተማሪ ትዝ አለኝ። ገንዘቡ ኋላ ከመሳቢያዬ ተገኘ። ይቅርታ ሳልጠይቀው ቀረሁ።

«አልነካቸውም» አልሁ። ልጆቼ፣ ሥራውን ሳታዩ በማንም ላይ በዘሩ አትፍረዱ፤ እምነትም የሰይፋችሁ ልጓም እንጂ ሰበብ አይሁን።