ከልቃቂት እስከ ተረከዝ

ደነባን የሚያውቅ ብርዷን ያውቃል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱን ውርጭ ይወርዳል። ክረምት ሲገባ ደግሞ የወረዳችን የሲያደብርና ዋዩ ጥቁር አፈር ውሃውን ይዞ አይለቅም፤ ጭቃው ቦቲ ያስወልቃል። እንዲህ ባለ አገር ቤት ውስጥ ተቀምጦ የሚሠራ የእጅ ሥራ የኑሮ አካል ነው። ሴቶቻችን ክረምቱን የሚያሳልፉት እንዝርት ይዘው ነው።

ካልሲ መሥራት የተማርኩት ከሁለት ሰዎች ነው። ሽቦ አያያዙን ያሳየችኝ ደብረ ብርሃን ያደገች ሹራብ ሠሪ ጎረቤቴ ናት። ክሩን ያስተማሩኝ ደግሞ ዕድሜያቸውን በመፍተል ያሳለፉ እማሆይ ናቸው። በሁለቱ መካከል ተቀምጬ አንድ ነገር ገባኝ። በአገራችን ልማድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። እናት ከርማ የፈተለችውን ልቃቂት ተሸክማ ሸማኔ ቤት ትሄዳለች፤ ከሱፍ የሚሸመነው ባና የሚያልቀው በሌላ ሰው እጅ፣ በሌላ ሰው ቀጠሮ ነው። ካልሲን ግን ፈታይዋ ከበጉ ጠጉር ጀምራ እግር እስኪገባበት ድረስ ራሷ ትጨርሰዋለች። ይህን ሥራ አጥብቄ የያዝኩት በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ በታች ያለው ከሥራው ያገኘሁት ነው።

ሽቦው ብስክሌት ጠጋኝ ቤት አለ

ከሱቅ የሚገዛው የሹራብ ሽቦ ረጅም ነው፤ በአንድ በኩል ሾሎ በሌላው በኩል ቆብ አለው። ለሹራብ ደረትና ጀርባ ይበቃል። ካልሲ ግን ያለ ስፌት ዙሪያውን እየተዞረ ስለሚሠራ፣ ሁለቱም ጫፉ የሾለ አጭር ሽቦ ይፈልጋል፤ እሱም አምስት። አራቱ ዓይኑን፣ ማለትም የክሩን ቀለበት፣ ይዘው ይቀመጣሉ፣ አምስተኛው ይሠራል።

የብስክሌት ራጅ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ለቀጭን የካልሲ ክር ልክ ነው። የተጠማዘዘውን አናቱንና ጥርስ ያለውን ጫፉን ቆርጣችሁ መካከሉን ለሁለት ብትከፍሉት ከአንድ ራጅ ሁለት ሽቦ ይወጣል፤ ስለዚህ ሦስት አሮጌ ራጅ በቂ ነው፣ አንድ ሽቦ መለዋወጫም ይተርፋል። ጫፉ በሞረድ ይሾላል፣ ከዚያ በልሙጥ ድንጋይ ይታሻል። ማለቁን የምታውቁት ነጠላ ላይ ሳብ አድርጋችሁ ነው። ክር ከያዘ ገና ነው፤ ሳይነካ ካለፈ ሥራ ይጀመራል። ጫፉን ከመጠን በላይ ማሾልም አይበጅም፣ ክሩን ሰንጥቆ ይገባል፣ ጣትም ይወጋል።

ጥሩ ካልሲ የሚጀምረው በሸለታ ቀን ነው

ስለ ሽቦ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው፤ ስለ ክር የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በኔ ግምት ከካልሲው ጥሩነት አብዛኛው የሚወሰነው ገና ሽቦ ሳይነሣ ነው።

የመንዝ በግ ላታም፣ ጠጉሩም ሻካራ ነው። ለባና የተመቸው ለዚህ ነው፤ ባና ገላ ላይ አያርፍም፣ ከልብስ በላይ ይደረባል። ካልሲ ግን ቀኑን ሙሉ ቆዳ ላይ ይውላል። ስለዚህ ጠጉሩ ከበጉ ገላ የት ላይ እንደተሸለተ መለየት ያስፈልጋል። እማሆይ የተሸለተውን ጠጉር ቁርበት ላይ ይዘረጉና በአውራ ጣትና በሌባ ጣት እየቆነጠሩ፣ ወደ ብርሃን አንሥተው እየሳቡ ይለያሉ። የአንገትና የትከሻው ወደ ቀኝ፣ የጭንና የሆዱ ወደ ግራ ይሄዳል። «ይሄ ለእግር ነው፣ ልጄ፤ ያኛው ለምንጣፍ ይበቃዋል» ይሉኛል። ዓይናቸው ቢደክምም ጣታቸው አይስትም። አሁን አሁን ከአዋሲ ጋር የተዳቀለ በግም በአካባቢያችን አለ። አዋሲ ከእስራኤል መጥቶ በአመድ ጉያና በደብረ ብርሃን የበግ ማራቢያ ማዕከላት ከአገሬው በግ ጋር ሲዳቀል የቆየ ዝርያ ነው። የዲቃላው ጠጉር በዛ ይላል፤ ማለስለሱን ግን በእጅ ሳይዳስሱ ማመን አይገባም።

የተለየው ጠጉር ለብ ባለ ውሃ ተነክሮ፣ ሳይታሽ፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ይለቀለቃል። ሲደርቅ በጣት ይበተናል፤ እሾሁና ጭረቱ የሚራገፈው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በደጋን ተነድፎ ወደ እንዝርት ይሄዳል።

ነጠላውን ፈትል እንዳለ ካልሲ ብትሠሩበት ካልሲው ይጣመማል፤ አንድ አቅጣጫ ብቻ የከረረ ክር ወደዚያው ጎን ይስባል። መፍትሔው መደረብ ነው። እንዝርቱ ወደ ቀኝ እየዞረ የተፈተለውን ሁለት ልቃቂት አንድ ላይ ይዞ፣ እንዝርቱን ወደ ግራ እያዞሩ ማክረር። መጠኑን ማወቂያው ቀላል ነው። ከድርቡ ክር አንድ ክንድ ያህል ሳብ አድርጋችሁ ሁለቱን ጫፍ አገናኙና መካከሉን ልቀቁት። ዝም ብሎ ከተንጠለጠለ ልክ ነው፤ በራሱ ላይ ከተጠመዘዘ ወይ አነሰ ወይ በዛ።

ደብረ ብርሃን ላይ የብርድ ልብስ ፋብሪካ በ1950ዎቹ የተቋቋመው ብርዱም በጉም እዚህ ስለሆነ ይመስለኛል። ያም ሆኖ በየቤቱ የሚሸለተው ጠጉር ስንት ጊዜ ገዢ አጥቶ አጥር ሥር ሲበሰብስ አይቻለሁ። ያንን ባየሁ ቁጥር የማስበው የእግር ብርድ ያለባቸውን ልጆች ነው።

ባናን የሚያጠነክረው ሙቅ ውሃ ካልሲን ይገድላል

ባና ከተሸመነ በኋላ በሙቅ ውሃ እየተረገጠ ይጠብቃል፤ ክሩ እርስ በርሱ ተያይዞ ነፋስ የማያስገባ ይሆናል። ያው ሙቀትና ያው መታሸት የአዋቂ ካልሲ የሕፃን ያደርገዋል። የሱፍ ካልሲ ለብ ባለ ውሃ ይነከራል፣ ይጨመቃል እንጂ አይጠመዘዝም፤ ጥላ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል። ለሰው ስሰጥ ይህን ሳልናገር አልሰጥም።

እግሩን ለኩ፣ ካልሲውን አሳንሱ

ካልሲ እንደ ጫማ አይለካም። ሹራብ ይለጠጣል፤ በእግሩ ልክ ከተሠራ ጫማ ውስጥ ይሰበሰብና ያቆስላል። የመዳፉን ዙሪያ በክር ለክታችሁ ከአሥር አንዱን እጅ ቀንሱ። ዙሪያው 24 ሴንቲ ሜትር የሆነ እግር 21.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ካልሲ ይበቃዋል።

ከዚያ በዚያው ክርና በዚያው ሽቦ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ሥሩና በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ዓይን እንዳለ ቁጠሩ። 26 ከሆነ፣ ለ21.5 ሴንቲ ሜትር 56 ዓይን ትጀምራላችሁ፤ በአራቱ ሽቦ ላይ 14፣ 14 ይደርሳል። ጎረቤቴ ያለ ልኬት በዓይኗ ታውቃለች፤ እኔ እስካሁን እለካለሁ፣ መለካቱንም እወደዋለሁ። የሰው እግር በክር ሲለካ ሰውየው ስለ እግሩ ማውራት ይጀምራል፤ የትኛው ጣቱ እንደሚያመው፣ የትኛው ጫማ እንደሚጎዳው ይናገራል። የካልሲው ቅርጽ ከዚያ ይወጣል።

ተረከዙ

ላስቲኩ፣ ሁለት በፊት ሁለት በጀርባ እየተባለ የሚሠራው አፉ፣ ማንም ይችለዋል። ባቱም ዝም ብሎ መዞር ነው። ሙያው ያለው ተረከዙ ላይ ነው። ቀጥ ብሎ የወረደ ቱቦ እንዴት ታጥፎ ወደ ፊት ይሄዳል?

ከ56ቱ ግማሹ፣ 28ቱ ዓይን፣ አንድ ሽቦ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረው ይጠብቃል። በ28ቱ ላይ ብቻ ወደፊትና ወደኋላ እየተመላለሱ ከተረከዙ ጀርባ የምትወርድ ትንሽ አራት ማዕዘን ይሠራል። ይህ ጫማ የሚበላው ቦታ ስለሆነ እኔ ሁለት ክር ደርቤ እሠራዋለሁ። ቀጥሎ ማዞሩ ይመጣል። ከመካከሉ ጥቂት ዓይን ብቻ ይሠራና ሥራው ሳያልቅ ይዞራል፤ በየመመለሻው ከጎን ከሚጠብቀው አንድ ዓይን ከጫፉ ጋር ተዋሕዶ ይጠቃለላል። ጎኑ እያለቀ ሲሄድ ጠፍጣፋው ነገር በራሱ ይጎደጉዳል፤ ጣት ስታስገቡ ጽዋ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከዚያ ከአራት ማዕዘኑ ሁለት ጠርዝ አዲስ ዓይን ይነሣል፣ የጠበቀው ግማሽ ይመለሳል፣ ዙሪያው እንደገና ይዘጋል። የበዛው ዓይን በየሁለት ዙሩ ሲቀነስ 56ቱ ላይ ይመለሳል።

እማሆይ ተረከዝ ሲዞር መጀመሪያ ያዩ ዕለት እንዝርታቸውን አስቀምጠው፣ «እስቲ ወዲህ በይ፤ አሁን ያደረግሽውን ድገሚልኝ» አሉኝ። ልብስ ያለ መቀስና ያለ ስፌት ሲታጠፍ ለማየት ሰማንያ ዓመት መጠበቅ አልነበረባቸውም ብዬ አዝኛለሁ።

ይህ ቱቦን የማጠፍ ጥያቄ ጥንታዊ ነው። ግብፅ ውስጥ በህናሳ በምትባል ከተማ የመቃብር ስፍራ የተገኘ ቀይ የሱፍ ካልሲ ዛሬ ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ይገኛል፤ ዕድሜው ከ1,500 ዓመት በላይ ነው። አውራ ጣቱ ለብቻው ተከፍሎ የተሠራው ከነጠላ ጫማ ጋር እንዲለበስ ነው። የተሠራው በአንድ መርፌ ነው፤ የዛሬው ዓይነት የሽቦ ሥራ የመጣው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ሊ በ1589 እ.ኤ.አ. የካልሲ መሥሪያ መኪና ሲፈለስፍም መነሻው በእጅ የሚሠራው ሹራብ ነበር። ያን ቀይ ካልሲ የለበሰው እግር እንደኛ ነጠላ ጫማ ያደርግ እንደነበር ሳስብ ደስ ይለኛል።

እያንዳንዱ የእጅ ሥራ የራሱ ሰዓት አለው

ስፌት ቀን ይፈልጋል፤ አክርማው በውሃ መራስ አለበት፣ የቀለሙ አሰላለፍም በኩራዝ አይታይም። እንዝርት መንገድ ላይም ይሄዳል፤ ገበያ እየሄዱ የሚፈትሉ እናቶች አውቃለሁ። ዳንቴል ቡና እስኪፈላ ድረስ ይመቻል፣ በማንኛውም ሰዓት ይቆማል። ካልሲ ሁለት ፀባይ አለው። ባቱና መዳፉ በጨለማ ይሠራል፤ መብራት ሲጠፋ ጣት ዓይኑን ያውቀዋል፣ ወሬም አያቋርጥም። ተረከዙን ግን ቀን ካላያችሁ አትንኩት። ማታ ኩበቱ ሲግል፣ ንፍሮው ሲቀርብ፣ የሁሉም ሰው እጅ በየራሱ ሥራ ሲጠመድ ቤቱ ምን ያህል እንደሚሞቅ በዚህ ደጋ ያደገ ሰው ያውቀዋል።

በዓልን በተመለከተ፣ በእኛ ቤት በዓል ቀን እንዝርት አይነሣም። ሽቦስ? ጎረቤቴ ሹራብ መሥራት እንደ መፍተል አይቆጠርም ትላለች። እማሆይ «እጅሽ ከሠራ ሥራ ነው» ብለው ዘጉት፤ እኔም በእሳቸው ቃል አድራለሁ። እጅ ያርፋል፤ ሥራው ላይ ስመለስም ዓይኑ እኩል ይወጣልኛል።

ጥገና ሳይማሩ ሥራ አይማሩም

የሱፍ ካልሲ ከመቀደዱ በፊት ይሳሳል። የሳሳው ቦታ ወደ ብርሃን ሲያዝ ይታያል፤ ያን ጊዜ በዚያው ክር፣ በወፍራም መርፌ፣ የዓይኑን መንገድ ተከትሎ መደረብ ነው። ከተቀደደ በኋላ ግን ድርና ማግ እያደረጉ መሸመን ይጠይቃል፤ ውስጡ አምፖል ወይም ክብ ድንጋይ ገብቶ ይወጠራል። ለዚህ ነው ካልሲ ከጨረስኩ በኋላ ትንሽ ልቃቂት አብሬ የማስቀምጠው። ለሌላ ሰው ስሰጥም ልቃቂቷ ካልሲው ውስጥ ገብታ ትሄዳለች።

ከገበያው ካልሲ ጋር በዋጋ አትወዳደሩ

ገበያ ላይ የሚሸጠው ካልሲ ርካሽ ነው፤ ለዝናብ ግን አይሆንም። ሱፍ ከክብደቱ ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ይዞ እንኳ እርጥብ ሆኖ አይሰማም፣ ሙቀቱንም አይለቅም። ስለዚህ የእኛ ካልሲ ቦቲ ለሚያደርግ ገበሬ፣ ሌሊት ለሚቆም ዘበኛ፣ ማልዶ ትምህርት ቤት ለሚሄድ ልጅ ነው። ዋጋ ሲጠየቅ ከሸለታው ጀምሮ ያለውን ሥራ ቁጠሩ። ፈታይዋ ለልቃቂቷ የምታገኘውና ካልሲ አድርጋ ስትሸጠው የምታገኘው አንድ አይደለም፤ ልዩነቱ የእሷ እንዲሆን እፈልጋለሁ።

አሁን የማስተምረው በቅድሚያ መፍተል የሚችሉትን ነው፤ እጃቸው ክርን ስለሚያውቅ በፍጥነት ይይዙታል። ከማስተምራቸው መካከል በግ የሚጠብቁ ወንዶች ልጆችም አሉ። መስክ ላይ ሙሉ ቀን አላቸው፣ ጠጉሩንም ከማንም በላይ ያውቁታል። አንዱ ባቱን ጨርሶ ተረከዝ ላይ ደርሷል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብርሃን ሳለ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ።