ከፍል ውሃ ወደ ቀዝቃዛ ውሃ፤ ባልና ሚስት ናይሮቢን ለማየት ሲሰናዱ

ለወታደር ጉዞ እንግዳ ነገር አይደለም። በትእዛዝ ይነሣል፤ በትእዛዝ ይሰፍራል። ለባለቤቱ ግን ጉዞ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ሽኝት ማለት ነው። ስንቅ ትቋጥራለች፣ ልብስ ታጣጥፋለች፣ እስከ መናኸሪያ ትሸኛለች፤ ከዚያም ብቻዋን ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ስለሆነም በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለሚያደርጉት የመጀመሪያ የውጭ አገር ጉዞ ልንጽፍ ወደድን። ለንደንንና ፓሪስን የሚመኝ ብዙ ነው፤ ዳሩ ግን ለጀማሪ መንገደኛ የጎረቤት ደጅ ይቀድማልና የመረጥናት ከተማ ናይሮቢ ናት።

አዲስ አበባና ናይሮቢ ሁለቱም የውሃ ልጆች ናቸው። አዲስ አበባ በፍል ውሃ ዙሪያ ስትቆረቆር፣ ናይሮቢ ስሟን ያገኘችው ማሳዮች «ቀዝቃዛ ውሃ» ብለው ይጠሩት ከነበረው ሥፍራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 ከሞምባሳ ወደብ ተነሥቶ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ይዘረጋ የነበረው የእንግሊዞች የባቡር ሐዲድ ወደዚያ ረግረጋማ መስክ ሲደርስ የሠራተኞች ሰፈርና የዕቃ መጋዘን ተተከለ፤ ከተማዪቱም ከዚያ በቀለች። ኬንያ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 1963 ነፃነቷን ስትቀዳጅም ርእሰ ከተማነቷ ጸና። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሯ ለደገኛም ለቆለኛም የሚስማማ ነው።

የጉዞ ዝግጅት የሚጀመረው ከሻንጣ ሳይሆን ከምክክር ነው። በእኛም ቤት የዕቁቡ ገንዘብ በደረሰን ጊዜ ሁለት ሐሳብ ተነሣ፤ አንደኛው የልብስ ስፌት መኪና መግዛት፣ ሁለተኛው ይህ ጉዞ ነበር። ባለቤታችን ሁለቱንም ከመዘነች በኋላ፣ «መኪናው ይቅደም፤ ጉዞው ግን አይቅር። አንተን ስሸኝ ኖሬአለሁ፤ ካንተ ጎን ተቀምጬ የሄድኩበት ቀን የለም» አለች። በዚሁ ተስማማን። ለዓመት ያህል ከደመወዝ የተቆረጠውና ከስፌቱ የተገኘው ተደምሮ የጉዞው ወጪ ተሟላ። ወጪውን እኩል ያዋጡ ሰዎች የሚያዩትንም እኩል ይመርጣሉና የጉዞው መርሐ ግብር በሁለት እጅ ተጻፈ። ገንዘቡን በአራት ፖስታ መክፈል ይበጃል፤ ለመጓጓዣ፣ ለማደሪያ፣ ለምግብና ለጉብኝት፣ አራተኛው ሳይነካ የሚመለስ የችግር ጊዜ መጠባበቂያ ነው። የውጭ ምንዛሪን በሕጋዊ መንገድ መያዝ ግዴታ ነው። ናይሮቢዎች እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በተስፋፋው በኤም ፔሳ አማካይነት በእጅ ስልክ መክፈልን ለምደዋል፤ እንግዳ ግን ጥቂት የኬንያ ሺሊንግ በኪሱ ቢይዝ አይቸገርም።

ቀጥሎ ሰነድ ነው። የሠራዊቱ አባል አስቀድሞ ከክፍሉ የጽሑፍ ፈቃድ መያዝ ይገባዋል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ሰው ለአጭር ጉብኝት የኬንያ ቪዛ አያስፈልገውም፤ ቢሆንም ደንብ ይለዋወጣልና ከመነሣት በፊት ኤምባሲውን መጠየቅ ብልህነት ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት አይረሳ። የወታደር ልብስና ዥጉርጉር ጨርቅ በቤት ይቅር፤ በግል ጉዞ ላይ ያለ ወታደር እንደ ማንኛውም ዜጋ ነው። ለእመቤቶች ደግሞ አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለን። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2017 ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢትን በሕግ ስለከለከለች፣ በርበሬውና ሽሮው በፌስታል ሳይሆን በጨርቅ ከረጢት ወይም በጣሳ ይታሰር።

ወቅቱን በተመለከተ፣ የናይሮቢ ታላቁ ዝናብ ከማርች እስከ ሜይ፣ ትንሹ ደግሞ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ይጥላል። የእኛ ክረምት በሚበረታባቸው በሐምሌና በነሐሴ እዚያ ደረቅና ብርዳም ነው፤ በዚያን ጊዜ የሚሄድ ሹራብ ይያዝ። በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። በየብስ በሐዋሳ፣ በዲላ፣ በያቤሎ፣ በሞያሌ፣ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ አድርጎ 1,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የየብሱ መንገድ አድካሚ ቢሆንም የአገርን ስፋት ያስተምራል።

ከተማዪቱ ሲገባ ሁለት ነገር ልብ ይባል። አንደኛ፣ በኬንያ መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነው። መንገድ የሚሻገር ኢትዮጵያዊ በልማዱ ወደ ግራ ቢመለከት አደጋው ከቀኝ ይመጣበታል፤ ስለዚህ በቅድሚያ ወደ ቀኝ መመልከት ያሻል። ሁለተኛው ሰዓት ነው። በስዋሂሊ የሚናገር ሰው ሰዓትን እንደኛ ከንጋት ጀምሮ ስለሚቆጥር፣ «ሳ ሞጃ» ቢል የጧቱ አንድ ሰዓት ማለቱ ነው። በቲኬትና በመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ግን የፈረንጅ ሰዓት ነውና ደግሞ መጠየቅ አያሳፍርም። ቋንቋው ራሱ ብዙ አያስፈራም። «ቻይ» ሻይ ነው፣ «ሱካሪ» ስኳር፣ «ባራካ» በረከት። «ሃራካ ሃራካ ሃይና ባራካ» ይላሉ፤ ጥድፊያ በረከት የለውም ማለታቸው ነው።

ለምሳ ውድ ሆቴል መፈለግ አያስፈልግም። «ኡጋሊ» ከበቆሎ ዱቄት ጠንክሮ የሚሠራ፣ የገንፎ ዘመድ የሆነ ምግብ ነው። አብሮት የሚቀርበው ጎመን «ሱኩማ ዊኪ» ይባላል፤ ትርጉሙም «ሳምንቱን ግፋው» እንደ ማለት ነው። ደመወዝ እስኪደርስ ቤት የምታብቃቃ እመቤት ይህን ስም ያለ አስተርጓሚ ትረዳዋለች።

የመጀመሪያውን ቀን ለብሔራዊ ሙዚየሙ መስጠት መልካም ነው። ድንቅነሽ እ.ኤ.አ. በ1974 በሐዳር እንደተገኘች ሁሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ከቱርካና ሐይቅ በስተምዕራብ የተገኘው የ1.5 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው የልጅ አፅም የዚህ ሙዚየም ሀብት ነው። ሐይቁን የሚሞላው የእኛው ኦሞ ወንዝ መሆኑ አይዘነጋም። በሁለተኛው ቀን ማለዳ እ.ኤ.አ. በ1946 ወደተቋቋመው የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ መሄድ ነው። 117 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው በዚህ ሜዳ አንበሳና ቀጭኔ ከፎቆች ግርጌ ይታያሉ። ከሰዓት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጠናቀቀውን ባለ 28 ፎቅ የኬንያታ አዳራሽ መጎብኘት ይቻላል። በኃይለ ሥላሴ ጎዳናና በሞይ ጎዳና ማዕዘን ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 1998 በአሜሪካ ኤምባሲ ላይ በደረሰው የቦምብ ጥቃት ላለቁት ከ200 በላይ ሰዎች የቆመ የመታሰቢያ አትክልት ሥፍራ ይገኛል።

ሦስተኛው ቀን ለወታደር ቤተሰብ የተለየ ነው። ካሪዮኮር የሚባለውን ገበያ ባለቤታችን የመረጠችው ለቅርጫትና ለዶቃ ነበር። ስሙ ግን የመጣው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ ጦር ስንቅና ጥይት በትከሻቸው ከተሸከሙት አፍሪካውያን ክፍል የእንግሊዝኛ መጠሪያ ነው። እነዚያ ተሸካሚዎች በእጅጉ አልቀዋል፤ የብዙዎቹም ስም በድንጋይ ላይ ሳይጻፍ ቀርቷል። በኬንያታ ጎዳና የቆመው የነሐስ ሐውልት የእነርሱም መታሰቢያ ነው። ከዚያ በንጎንግ መንገድ ወደሚገኘው የጦር መቃብር አመራን። እ.ኤ.አ. በ1941 አርበኞቻችን በየበረሃውና በየጫካው ሲዋጉ፣ ከኬንያ የተነሣው ጦር በሞቃዲሾና በሐረር አድርጎ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቷል። በዚያ ዘመቻ ወድቀው መቃብራቸው ያልታወቀው ስማቸው በመካነ መቃብሩ መታሰቢያ ላይ ተቀርጿል። ባለቤታችን ስሞቹን ስታነብ ቆይታ፣ «ሚስቶቻቸውን ማን ነገራቸው?» ስትል ጠየቀች። መልስ አልነበረንም። በመጽሐፍ ያጠናነው የዘመቻ ታሪክ ይህን ጥያቄ ጠይቆን አያውቅም። ከገበያው የገዛችውን አበባ ከመታሰቢያው ሥር አኖረች።

ውድ የሠራዊታችን አባላትና ቤተሰቦች! አንድ አገር የሚታየው በሁለት ዓይን ብቻ ከሆነ ግማሹ ሳይታይ ይቀራል። ባል የዘመቻውን መንገድ ሲያይ ሚስት የቀረውን ቤት ታያለች፤ እሷ የገበያውን ዋጋ ስትመረምር እርሱ የገበያውን ስም ይመረምራል። ገንዘቡ ዛሬ ባይኖርም ደብተር አለ። በአንድ ገጽ የባል ምኞት፣ በሌላው የሚስት ምኞት ይጻፍ፤ ሁለቱ ገጾች የሚገናኙበት ሥፍራ የመጀመሪያው ጣቢያ ይሁን። መልካም ጉዞ!